የወንደላጤ ሽሮና የሼሁ ዱዓ

ሰው ሁሉ የሚኮራበት አንድ ሙያ አያጣም። አንዱ በዳማ ጨዋታ ይኮራል፣ አንዱ በፂሙ፣ ሌላው ደግሞ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ዓይኑን ገልጦ በመተኛት። ይህ የመጨረሻው በደርግ ጊዜ የሚናቅ ሙያ አልነበረም። የማውቀው አንድ ሰው እንደተኛ እጁን እያወጣ ድጋፍ ሲሰጥ ሲሰጥ ኮሚቴ ውስጥ ተመርጦ ቁጭ አለ። እኔ ግን የምኮራው በሽሮ ነው። ዘይት ከቀበሌው ሱቅ ብቅ ብሎ በዚያው ቀን በሚሰወርበት ዘመን፣ በጠብታ ዘይት፣ በግማሽ ሽንኩርትና በብዙ ውሃ እንጀራ የሚያስጨርስ ሽሮ የሚሠራ ወንድ ኮምቦልቻ ውስጥ ቢፈለግ ከእኔ ሌላ አይገኝም ነበር። ችግሩ፣ ይህን ሙያዬን ለሰው መናገር አልችልም። ወንድ ልጅ ሽሮ ይሠራል ተብሎ ከሚወራበት ሰረቀ ተብሎ ቢወራበት ይሻለው ነበር። ሌባ ቢያንስ ሚስት ያገኛል።

እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። ኮምቦልቻ የወረድኩት ፋብሪካ ውስጥ ዕቃ ግምጃ ቤት ተቀጥሬ ነው። አብሮኝ የሚኖረው ጋሻው የቦሩ ሜዳ ልጅ፣ የቄስ ልጅ፣ እዚያው ፋብሪካ መካኒክ ነበር። እኔ ሙስሊም፣ እሱ ክርስቲያን፣ ክፍላችን አንድ፣ የላምባ ምድጃችን አንድ፣ ድስታችን አንድ። እኔ ያረድኩትን እሱ አይበላም፣ እሱ ያረደውን እኔ አልበላም። ስለዚህ ገና ስንገባ ቁጭ ብለን ተወያየንና ድስታችን ሥጋ የሚባል ነገር እንዳይነካው ተስማማን። ይህን ስምምነት ለሰው ስናወራ ስለ መከባበር ነበር የምናወራው፤ ሰሚውም ወሎ እኮ እንዲህ ነው እያለ አንገቱን ይነቀንቃል። መከባበሩ እውነት ነው፣ አልክድም። ነገር ግን ሥጋ የመግዛት አቅም ቢኖረን ኖሮ ሁለት ድስት እንገዛ ነበር።

እንግዲህ ሥጋ ከሌለ ምን ይበላል ለምትሉ፣ የወንደላጤ ማዕድ ሰፊ ነው። ላምባ ያለቀ ቀን በሶ ነው፤ በሶ እሳት አይፈልግም፣ ውሃና ጨው ካለ ደርሷል። ዳቦ ደርቆ ምስማር መምቻ ሲሆን አይጣልም፣ በርበሬ ውሃ ውስጥ ገብቶ ፍርፍር ይሆናል። ቲማቲም ከሐርቡ በኩል የሚመጣበት ወቅት ከሆነ ደግሞ ገበያ መሄድ ያለባችሁ ማልዳችሁ ሳይሆን ሊበተን ሲል ነው። ሻጯ አህያዋን ልትጭን ስትጣደፍ የተጨፈለቀውን ሁሉ ጠራርጋ ትሰጣችኋለች። የተጨፈለቀ ቲማቲም ለስልስ ከጤነኛው ይሻላል፤ ገና ከገበያው ጀምሮ ግማሽ ሥራው ተሠርቶላችኋል።

መኮሮኒም ነበር። አንድ ጊዜ የቀበሌው ሱቅ ሳሙና የፈለገ መኮሮኒ ይውሰድ ብሎ አወጀ፤ ሳሙና ፈልገን መኮሮኒ ተሸክመን ገባን። ጋሻው እኔ እሠራዋለሁ አለና መኮሮኒውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ እሳት ለኮሰበትና ሬዲዮ ሊሰማ ሄደ። ሲመለስ ድስቱ ውስጥ ያለው ነገር ገንፎ ሆኗል። ተያየን። ከዚያ መሀሉን ጎድጎድ አድርገን በርበሬና ዘይት ጨመርንበትና እንደ ገንፎ ከዳር ዳር እየቆረስን በላነው። ከዚያ ቀን ወዲህ መኮሮኒን በሌላ መንገድ በልተን አናውቅም።

የሁሉም አለቃ ግን ሽሮ ነው። የእኔ ሽሮ በመጀመሪያው ቀን ሽሮ ወጥ ይባላል። በማግስቱ ውሃ ይጨመርበትና ሽሮ ፈሰስ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ያለው ቀን ደግሞ የእንጀራ ቁርጥራጭ ይገባበትና ፍርፍር ይባላል። ጋሻው ወር ሙሉ ሽሮ እየበላ ዛሬ ምን አለ ብሎ ይጠይቀኝ ነበር፤ እኔም ያለ ሐፍረት ሌላ ስም እነግረዋለሁ። እንግዳ ከመጣ በነፍስ ወከፍ አንድ ኩባያ ውሃ ይጨመራል። ብቻ አደራችሁን፣ ሽሮ እስኪረጋ ድረስ ከአጠገቡ አይራቁም። ሽሮ ከተለዩት ወዲያው ይይዛል፣ ከያዘ ያርራል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው መስኮት ተዘግቶ ነው። የኮምቦልቻን ሙቀት የሚያውቅ፣ ቀትር ላይ መስኮት ዘግቶ ምድጃ አጠገብ መቆም ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ከሁሉ የከፋው ሽንኩርት ነው። ሽንኩርት ከትፌ ዓይኔን አቅልቼ ስወጣ አከራያችን እትዬ አሚናት ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ያዩኛል። ምን ሆንክ ልጄ ሲሉኝ ዓይኔን አሞኝ ነው እላለሁ። አዘኑልኝ፤ በሻይ ውሃ እጠበው አሉኝ። ሰንበትበት ብሎ የከታፊነቱ ተራ ለጋሻው ደረሰና እሱም ዓይኑ ቀልቶ ወጣ። እትዬ አሚናት ደረታቸውን መቱ፣ በሽታው ተላላፊ ነው አሉ፣ ቤት ያለውን ልጅ ሁሉ ከእኛ ደጃፍ አራቁ። ምሳ ሰዓት ላይ እየጠበቀ የሚነሳ በሽታ ምን ዓይነት እንደሆነ ግን አልመረመሩም። ደግ ሴት ናቸው።

አሁን ወደ ዘይነባ ልምጣ። ዘይነባ ደሴ፣ አንድ የልብስ ስፌት ማኅበር ውስጥ የምትሠራ ልጅ ነበረች። የተዋወቅነው የካኪ ሱሪዬን ላስጠብብ ይዤላት ሄጄ ነው። ሱሪውን ለካችና ይህን ሱሪ ማን ሰፋው አለችኝ። ፒያሳ ያለ ልብስ ሰፊ ነው አልኳት። ሰውዬው ይጠላሃል እንዴ አለችኝ፣ ሳትስቅ። እኔ እዚያው ተሸነፍኩ። ከዚያ ወዲያ ያለችኝን ልብስ ሁሉ በየተራ አስጠበብኩ፤ መጨረሻ ላይ ሸሚዜ አላስተነፍስ ብሎኝ ነበር። ዘይነባን እወዳት ነበር፤ ይህን ሳላሽሞነሙን ልናገር። ቅዳሜ ደሴ ወጥቼ ካላየኋት ሳምንቱ ሳምንት አይመስለኝም።

አባቷ ሼህ እንድሪስ እዚያው ደሴ፣ ሸዋ በር፣ ልጆችን ቁርአን እያስቀሩ የሚያስተምሩ፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው ሰው ናቸው። ቃላቸው አንድ ነው። ከእኔ በፊት ሁለት ሰዎች ሽማግሌ ልከው ሁለቱንም አይሆንም ብለው መልሰዋል፤ አንዴ አይሆንም ካሉ ደግሞ አገር ቢለምናቸው አይመለሱም። እኔ አጎቴን ላክሁ። አጎቴ ሽማግልና ሲሄድ ሰውን ማድነቅ ይወዳል። ልጃችን አለ፣ የተከበረ ልጅ ነው፣ ምግቡን የምታበስልለት ሴት አለችው፣ እሱ ራሱ ምድጃ አጠገብ ደርሶ አያውቅም፣ ጨው የት እንደሚቀመጥ እንኳ አያውቅም፣ ከእንግዲህ የሚጠብቀው የዘይነባን እጅ ነው። አጎቴ ይህን ሲነግረኝ ፊቱ በኩራት ያበራ ነበር። ሼሁ ግን ይህን ከሰሙ በኋላ መርሃባ፣ ሰምቻለሁ፣ ቤቱን አይቼ መልስ እሰጣለሁ አሉ። ሳምንታት አለፉ። ዘይነባን ብጠይቃት አባቴ ያስባል ብቻ አለችኝ፤ እሷም ፊቷ ላይ አንድ ያልገባኝ ፍርሃት ነበር።

እሁድ ቀን ነው። ከቀበሌ ስብሰባ ተመልሰን፣ መስኮቱን ዘግተን፣ እኔ ምድጃውን ከሚጋርደው መጋረጃ ጀርባ ሽሮዬን ነስንሼ ገና መንተክተክ ስትጀምር፣ ጋሻው የሽንኩርት ልጣጩን ሲሰበስብ፣ አሰላሙ አለይኩም የሚል ድምፅ ደጃፉ ላይ ሰማን። በበሩ ቀዳዳ አየሁ። ሼህ እንድሪስ ናቸው፤ ምርኩዛቸውን ይዘው፣ ጥምጣማቸውን አሳምረው። ሐርቡ ዘመድ ሊጠይቁ ሲወርዱ እግረ መንገዳቸውን ቤቴን ሊያዩ መጥተዋል። ጋሻው ልጣጩን አልጋ ሥር ወረወረ። እኔ እጄ ላይ ያለችውን ማማሰያ የት እንደማደርጋት ጠፋኝና የጋሻው አልጋ ላይ ብርድ ልብስ ውስጥ ከተትኳት፤ መጋረጃውን ሳብኩና በሩን ከፈትኩ።

ሼሁ ገቡ፣ በቀኝ እግራቸው፣ ቢስሚላሂ ብለው። ቤቱ ጠባብ ነው፣ ወንበር የለም፤ ክብር ለእንግዳ ነውና የጋሻው አልጋ ላይ ተቀመጡ። ወዲያው ተቁነጠነጡ። እጃቸውን ብርድ ልብሱ ውስጥ አስገብተው ማማሰያዋን አወጧት። ትኩስ ናት፣ ሽሮ ተቀብታለች። አገላብጠው አዩአትና ይህ የማን ነው አሉኝ።

የምታበስልልን ሴት ረስታው ነው አልኩ። ይህን ካልኩ በኋላ ነው የሴት ማማሰያ በወንደላጤ አልጋ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ፣ ምን ሊሠራ ተገኘ የሚለው ጥያቄ የመጣልኝ። ለሼሁ ከእኔ ቀድሞ መጥቶላቸዋል። ፊታቸው ጠቆረ። ሴትዮዋ ዕድሜዋ ስንት ይሆናል አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። እኔ አሮጊት ናት አልኩ። ጋሻው በዚያችው ቅጽበት፣ ሊረዳኝ ብሎ፣ ጠንካራ ወጣት ናት አለ። ተያየን። ከዚያ ሁለታችንም አንድ ላይ መካከለኛ ናት አልን። ሼሁ ማማሰያዋን ጎናቸው አስቀመጡና እሷን ሴት ላያት እፈልጋለሁ፣ ሰው የሚመግብ እጅ መመስገን አለበት አሉ።

ዱሮም እንጀራችን አልቆ ለሦስት ሰው የሚበቃ አልነበረም። ጋሻውን ወደ በሩ ገፋ አድርጌ በጆሮው፣ እትዬ አሚናት ዘንድ ሂድ፣ እንጀራ ተበደር፣ እሳቸውንም ይዘህ ና፣ እኔ ነኝ የማበስልላቸው ይበሉ ብለህ ለምናቸው አልኩት። ጋሻው አሁን ነው ወይስ ሽሮው ሲወርድ አለኝ። አሁን አልኩት። እኔ ሽሮዋን በየመሀሉ ብቅ ብዬ እያማሰልኩ ሼሁን ማቆየት እችላለሁ ብዬ አሰብኩ። ግን ምድጃ አጠገብ ደርሶ የማያውቅ ሰው መጋረጃ እየገለጠ ድስት ሊያማስል ነው? ደግሞም ማማሰያዋ ያለችው ሼሁ ጎን ነው። እዚያው ቆሜ ሳለሁ አንድ ብልሃት መጣልኝ። በዕድሜዬ ብልሃት መጥቶልኝ ጉድ ያልሠራኝ ጊዜ የለም።

ሼሁ፣ ማዕዱ እስኪቀርብ እስኪ ዱዓ ያድርጉልን አልኳቸው።

ወሎ ላልኖረ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳ። እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው እጁን ለዱዓ ከዘረጋ፣ እስላምም ይሁን ክርስቲያን፣ እዚያ ቤት ያለ ሁሉ እጁን ዘርግቶ አሚን ይላል። መንቀሳቀስ የለም። ዱዓ አቋርጦ የተነሳ ሰው ቤቱ ከተቃጠለበት ሰው ይብሳል፤ ቤቱ የተቃጠለበትን ጎረቤት ይሠራለታል። እኔ ደግሞ የጠየቅሁት ማንን ነው? የሸዋ በሩን ሼህ እንድሪስን፣ ዱዓቸው ረጅም ነው እየተባለ ሰው ከየቀበሌው ለታመመ የሚጠራቸውን። አጭር ዱዓ ቢጠየቁ እንኳ የሚያውቁ አልመሰለኝም።

ሼሁ ፊታቸው ወዲያው በራ። ጥምጣማቸውን አስተካከሉ፣ እጃቸውን ዘረጉ፣ ጀመሩ። ለነቢዩ ሰለዋት አወረዱ። ለሞቱት ምሕረት ጠየቁ። ለታመሙት አፊያና ጤና ለመኑ። ከመጋረጃው ጀርባ ሽሮዬ ትንተከተካለች፣ እኔ በየቃሉ አሚን እላለሁ። እርጉዝ በሰላም ትገላገል አሉ፤ አሚን። የሄደ ይመለስ፣ ግንባር ያለው ልጅ ለእናቱ ይግባ አሉ፤ አሚን አልኩ፣ ከልቤ። ዝናቡን በወቅቱ አድርግልን፣ ያሳለፍነውን ዓመት አትመልስብን አሉ፤ እዚህ ላይ ድምፃቸው ትንሽ ተሰበረ። ያን የረሃብ ዓመት ወሎ ላይ የኖረ ሰው ይህን ዱዓ ሰምቶ ስለ ድስት ማሰብ የለበትም። እኔ ግን አሰብኩ፤ ምክንያቱም መንተክተኩ ቆሟል።

ሽሮ ሲንተከተክ ደህና ነው። ዝም ካለ ከድስቱ ጋር መጣላት ጀምሯል ማለት ነው። ቀጥሎ ሽታው መጣ፣ መጀመሪያ ደስ የሚል የቆሎ ሽታ፣ ከዚያ ደስ የማይል። ምን ላድርግ? አሚን ብዬ ጮክ ካልኩ ዱዓው ያለቀ መስሏቸው እጃቸውን ፊታቸው ላይ ያደርጉ ይሆናል ብዬ አሚን አልኩ፣ ግድግዳው እስኪያስተጋባ። ሼሁ ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው አዩኝ። እንዲህ ልቡ የተነካ ወጣት በዚህ ዘመን የት ይገኛል ብለው ነው መሰለኝ፣ ደስ አላቸው፣ እንደገና ከሞቱት ጀመሩ።

በዚህ መሀል ጋሻው እንጀራ በትሪ ተሸክሞ በሩ ላይ ደረሰ። ሽታው አፍንጫውን መታው። አንድ እግሩን ወደ ውስጥ ሲያነሳ የተዘረጋ እጃችንን አየ። የቄስ ልጅ ነው፣ በጸሎት መሀል መራመድ ነውር መሆኑን ያውቃል፤ እግሩን መልሶ ቆመ። በቅንድቡ ወደ መጋረጃው ጠቆመኝ። እኔም በቅንድቤ፣ አይቻለሁ፣ ምን ላድርግ አልኩት። ከጀርባው እትዬ አሚናት ነጠላቸውን አስተካክለው ብቅ አሉ፤ ዱዓ መሆኑን ሲያዩ የመጡበትን ሁሉ ረሱ። እጃቸውን ዘርግተው ከሁላችን በላይ አሚን ማለት ጀመሩ። እትዬ አሚናት ዱዓ ሲወዱ ልክ የለውም።

ሼሁ በመጨረሻ ድምፃቸው እየቀነሰ፣ ሊዘጉ ሲሉ፣ ተመስገን ብዬ ወደ መጋረጃው ልሮጥ ተዘጋጀሁ። ያን ጊዜ እትዬ አሚናት በለሰለሰ ድምፅ፣ ሼሁ፣ ለነዚህ ልጆች ዓይንም ዱዓ ያድርጉላቸው፣ ተላላፊ በሽታ ይዟቸው ሰው ሆነው አያውቁም አሉ።

ሼሁ አዘኑ። እጃቸው እንደገና ተዘረጋ። ስለ ዓይን ብርሃን፣ ስለ ቀኝ ዓይን፣ ስለ ግራ ዓይን ለመኑልን። በዚህ ጊዜ ጭሱ በመጋረጃው ሥር እየተሳበ ክፍሉን ሞልቶ የሁላችንም ዓይን ያለቅስ ነበር። እትዬ አሚናት ይዩልኝ፣ አሁን እንኳ እንባቸው አይቆምም አሉ፤ ዱዓው በዚያው መጠን ረዘመ።

ሼሁ እጃቸውን ፊታቸው ላይ ሲያደርጉ እኔ መጋረጃው ጋ ደርሻለሁ። ከዚህ በኋላ ያደረግኩትን ያደረግኩት ሳላስብ ነው። ማን እንዳለ፣ ምን እንደተባለ ሁሉ ጠፋኝ፤ የታየኝ ድስቱ ብቻ ነው። መጋረጃውን ገለጥኩ። ድስቱን በጨርቅ ይዤ አወረድኩና ባልዲ ውሃ ውስጥ ቂጡን ነከርኩት፤ እንፋሎቱ ፉጨት አሰማ። ድስቱን አላማሰልኩም፤ ያረረ ሽሮ የሚያማስል ሰው ምሬቱን ሁሉ ወደ ላይ ያወጣዋል። ጋሻው ሳልነግረው ሳህኑን አቀበለኝ። ከላይ ከላዩ ያለውን ጤነኛውን ቀስ አድርጌ አፈሰስኩ፣ ሥሩን ሳልነካ። አንድ ሽንኩርት ለሁለት ሰንጥቄ ሽታውን እንዲጠጣ ጣል አደረግሁበት፣ ትንሽ ጠብቄ አወጣሁት። ነጭ ሽንኩርት ቀጠቀጥኩ፣ በሶብላ በጣቴ ፈተግሁና በተንኩበት። በጣቴ ጫፍ ቀመስኩ። ጨው ጎድሎታል፤ ጨዉን ከምድጃው ጀርባ ሳላይ ስቤ አወጣሁ። ከዚያ ቀና አልኩ።

ሼህ እንድሪስ እኔን እያዩ ነው። ቀጥሎ እትዬ አሚናትን አዩ፤ እሳቸው በሩ ላይ፣ እጃቸውን አጣምረው፣ እንደ ማንኛውም ተመልካች ቆመዋል። አንቺ ነሽ ለነዚህ ልጆች የምታበስይው አሏቸው። እትዬ አሚናት ትዝ አላቸው። ሼሁ፣ እንዲያው እኔ ነኝ አሉ፣ ግድግዳ ግድግዳውን እያዩ። ሼሁም ረጋ ብለው፣ እስኪ ወላሂ በይ አሏቸው።

እትዬ አሚናት ለጎረቤት ልጅ ትንሽ መዋሸት አይገዳቸውም። በአላህ ስም መማል ግን ሌላ ነገር ነው። ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ፣ ወደ እኔ እያዘኑ አዩ፣ ከዚያ ሼሁ፣ እኔ እንጀራ ብቻ ነው ያመጣሁት አሉና ወደ ቤታቸው ሄዱ።

አለቀልኝ አልኩ። ዘይነባን አሰብኳት፣ ሱሪዬን ስትለካ፣ ክሩን በጥርሷ ስትበጥስ። ዋሾ ነኝ፣ ወንድ ሆኜ ሽሮ እሠራለሁ፣ እንግዳዬንም በጭስ አስለቅሻለሁ፤ አንዱ ብቻውን ይበቃኝ ነበር። ሽሮዋን በእንጀራው ላይ አፍስሼ አቀረብኩና ይቅርታ ያድርጉልኝ ሼሁ፣ አርሯል አልኳቸው።

ሼሁ እጃቸውን ታጥበው ቆረሱ። አኘኩ። ደግመው ቆረሱ፣ ሰፋ አድርገው።

“ልጄ፣ የሚያርር ሽሮ የጠፋበትን ዓመት አይቻለሁ። ይሄ ግን ማረሩንም ከሰው ካልሰማሁ አላውቅም” አሉኝ።

በሉ ተባልንና ሦስታችንም እንደ ጨዋ መብላት ጀመርን። ጋሻው እንኳ ድምፅ ሳያሰማ አኘከ፣ ይህም ከእሱ የሚጠበቅ አልነበረም። ትሪው ሲጋመስ ሼሁ ማውራት ጀመሩ። ሽታውን እኔ ሳልሰማው ገና ሰምተውት ነበር። ግን ምድጃው ላይ ሴት ያለች መስሏቸው ዱዓውን ቢያቋርጡ ሙያዋን በእንግዳ ፊት ማዋረድ ይሆናል ብለው ቀጠሉ። እንዲያውም አይዟት ብለው ዱዓውን ጨመር አደረጉላት። እኔ አንገቴን ደፋሁ።

ከዚያ ስለ ዘይነባ ነገሩኝ። እናቷ ልጅ ሳለች ነው የሞተችው፤ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ቁርአን አስቀሯት፣ ትምህርት ቤት ላኳት፣ መርፌ አስያዟት፣ መርፌ ላይ ማሻአላህ ነች። ምድጃ ላይ ግን የሚያስተምራት አልነበረም፣ እሳቸውም አያውቁበትም። ለሻይ የጣደችው ውሃ አልቆ ማንቆርቆሪያው ራሱ ቀልቶ ተገኝቷል። ሼሁ ስንት ዓመት ያረረ ነገር እየበሉ፣ ጥሩ ነው ልጄ እያሉ፣ ውሃ እየጠጡ ኖረዋል። ከዚህ በፊት የመጡት ሁለት ጠያቂዎች አንዱ የእጇን ዶሮ ወጥ ልቅመስ አለ፣ ሌላው እናቱ ለሙያ ታላቅ ግምት እንዳላቸው ተናገረ። ልጃቸው ሰው ቤት ገብታ በወጥ ምክንያት ስታለቅስ እንዳያዩ ሁለቱንም መለሱ። ከዚያ የእኔ አጎት መጣና ልጃችን ምድጃ አጠገብ ደርሶ አያውቅም፣ የዘይነባን እጅ ነው የሚጠብቀው አለ። ሼሁ ያን ማታ እህል አልቀመሱም። ዛሬ የመጡትም አይሆንም ሊሉኝ ነበር፤ ሰው ልከው ከሚሉኝ ፊት ለፊት ቢነግሩኝ ይሻላል ብለው።

ይህን ብለው እጃቸውን ታጠቡ። እኔ ለሻይ ውሃ ጥጄ ነበርና ከመጋረጃው ጀርባ ምድጃው ፉ ይላል። ልቤ ከምድጃው ይበልጥ ይጮህ ነበር፤ ምን ብዬ ልጠይቅ፣ እንዴትስ ልጠይቅ?

“አጎትህ ውሸታም ነው” አሉኝ ሼሁ። “አንተም ትንሽ ብሰሃል። ልጄ ማሳረሩን ታውቅበታለች፤ ቤታችን ያጣነው የሚያድን ሰው ነው። ለሽማግሌዎችህ ሼሁ እሺ፣ መርሃባ ብለዋል በላቸው።”

ጋሻው ትከሻዬን መታኝ። ሼሁ ጥምጣማቸውን አስተካከሉ፣ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኛም እጃችንን ዘረጋን። ቃል ሳያወጡ ግን ዓይናቸውን መልሰው ገለጡና ወደ መጋረጃው አዩ።

“በል መጀመሪያ ምድጃውን አጥፋ” አሉኝ። “ይሄኛው ዱዓ ይረዝማል።”